ፕሮፔን በሞተር ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤንዚን ሞተር የለመደ ሰው በፕሮፔን የሚሠራ መኪና ኮፈን ሲከፍት ሁለት ነገር ግራ ያጋባዋል። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ የጋዝ ፓምፕ የሚባል ነገር አያገኝም። ሁለተኛ፣ ከሞተሩ የሚመጣ የሙቅ ውሃ ቱቦ ነዳጁ መስመር ላይ ከተቀመጠ አንድ ክብ ብረት ጋር ተያይዞ ያያል። ውሃና ነዳጅ ምን አገናኛቸው?

የሁለቱም መልስ አንድ ቁጥር ውስጥ ነው ያለው። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ወደ እሷ ይመለሳሉ።

ፕሮፔንና ኤልፒጂ አንድ ናቸው?

ዘመዳሞች ናቸው። ኤልፒጂ የሚባለው በግፊት ወደ ፈሳሽነት የተለወጠ የነዳጅ ጋዝ ነው። ውስጡ ፕሮፔን ብቻ፣ ቡቴን ብቻ ወይም የሁለቱ ቅልቅል ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የሚገኙት የተፈጥሮ ጋዝ ሲጣራና ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ነው።

ለሞተር ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቡቴን የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ውጭው በረዶ ከሆነ ቡቴን ታንኩ ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል፤ የሚገፋው ግፊት የለማ። ፕሮፔን በዚያ ብርድም ይሠራል። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ አገሮች ፕሮፔን የሚያበዙት፣ ሞቃታማዎቹ ደግሞ ቡቴን ቢበዛበትም ብዙ የማይጨነቁት። በሰሜን አሜሪካ ኤችዲ-5 የሚባለው የሞተር ፕሮፔን ደረጃ ቢያንስ 90 በመቶው ፕሮፔን እንዲሆን ይጠይቃል። ፕሮፒሊን የሚባለው ጋዝ ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ፕሮፒሊን ሲበዛ ሞተር የማንኳኳት ጠባይ ያመጣል፤ ነዳጁ ያለ ጊዜው በራሱ እየነደደ ሞተሩን ይመታዋል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ፕሮፔን ነዳጅ ሆኖ የወጣው ከቤንዚን ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አሜሪካዊው ኬሚስት ዋልተር ስኔሊንግ ከቤንዚን እየተነነ የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ሲመረምር ፕሮፔንና ቡቴን አገኘ። ሰው በከንቱ የሚባክን ትነት ነው ያለውን ነገር እሱ ለብቻው ነዳጅ አደረገው።

ታንኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው ወይስ ጋዝ?

ሁለቱም። ከታች ፈሳሽ፣ ከላይ ጋዝ አለ።

ፕሮፔን በተለመደው የአየር ሙቀት ከመፍያ ነጥቡ በብዙ ዲግሪ ርቋል። ክፍት ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጡት ወዲያው መንተክተክ ይጀምራል። ታንኩ ግን ዝግ ነው። ስለዚህ ትንሽ ይተንና የራሱ ትነት ተመልሶ ይጫነዋል። ግፊቱ በቂ ሲሆን መፍላቱ ይቆማል። ከላይ ያለው ጋዝ ሲቀዳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ፈሳሹ እንደገና ፈልቶ የጎደለውን ይሞላል።

ይህ ግፊት የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በመጠን አይደለም። ዜሮ ዲግሪ ላይ 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አይሞላም። 20 ዲግሪ ላይ ወደ 7 ባር ይጠጋል። 38 ዲግሪ ላይ ደግሞ 12 ባር አካባቢ ነው። ታንኩ ሙሉም ሆነ ሩብ፣ ፈሳሽ እስካለበት ድረስ ግፊቱ ያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የግፊት መለኪያ አይቶ “ገና ግማሽ አለኝ” ይላል። መጠኑን የሚነግራችሁ ፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፈው መለኪያ ነው።

ፓምፕ ያጣነውም በዚህ ምክንያት ነው። ታንኩ ራሱ ፓምፕ ነው። የሚያንቀሳቅሰውም የአየሩ ሙቀት ነው።

ታዲያ ከሲኤንጂ በምን ይለያል?

ሲኤንጂ የታመቀ ሚቴን ነው። ሚቴንን በተለመደው ሙቀት የፈለጋችሁትን ያህል ብትጫኑት ፈሳሽ አይሆንም። ለዚህ ነው 200 ባርና ከዚያ በላይ ታምቆ በከባድ ሲሊንደር የሚያዘው። ፕሮፔን በጥቂት ባር ፈሳሽ ይሆንልናል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሲተን ወደ 270 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ነዳጅ፣ በመጠነኛ ግፊት። የፕሮፔን ትልቁ ብልጫ ይህ ነው።

ሌላው ልዩነት ደግሞ ለደኅንነት ይጠቅማል። ሚቴን ከአየር ይቀላል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ይሄዳል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፤ መሬት መሬቱን ይሳባል።

ታንኩ ለምን እስከ አፉ አይሞላም?

ፈሳሽ ፕሮፔን ሙቀት ሲያገኝ በደንብ ይለጠጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይዘቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ያድጋል። ይህ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ጠዋት በብርድ እስከ አፉ የተሞላ ታንክ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ፈሳሹ መሄጃ ያጣል። ጋዝ ሲጨመቅ ይሸበሸባል፣ ፈሳሽ ግን እሺ አይልም። ግፊቱ በአንዴ ያሻቅባል።

ስለዚህ 80 በመቶ ላይ ይቆማል። የቀረው 20 በመቶ ለጋዝ ነው፤ የፈሳሹ መተንፈሻ ነው ማለት ትችላላችሁ። የመኪና ታንክ ውስጥ ተንሳፋፊ ያለው ቫልቭ አለ፤ 80 ሲደርስ ራሱ ይዘጋል። አንድ ቀን ቀጂው ከወትሮው በላይ ሊትር ካስገባላችሁ “ዛሬ ተመረቅሁ” ብላችሁ አትሂዱ። ያ ቫልቭ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ አስመርምሩት።

ነዳጁ ከታንኩ እስከ ሞተሩ በየት በየት ያልፋል?

መንገዱን ተከትለን እንሂድ።

ከታንኩ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ፈሳሹ ነው። አንዲት ቱቦ ወደ ታንኩ ወለል ትወርዳለች። ከላይ ያለው ግፊት ፈሳሹን በእሷ በኩል ሽቅብ ይገፋዋል። መውጫው ላይ የሚያገኘው ብልህ የሆነ ዕቃ ነው፦ ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ። መስመሩ በአደጋ ቢበጠስ ፈሳሹ በኃይል ሊወጣ ሲል ራሱ ፍሰቱ ቫልቩን ገፍቶ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ሰው አይፈልግም።

ከዚያ በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ቀጥሎ ፈሳሹ ከመኪናው ሥር በሚሄድ መስመር ወደ ፊት ይመጣል። ኮፈኑ ሥር ሲደርስ ፊልትሮና ሶሌኖይድ ቫልቭ ይጠብቁታል። ሶሌኖይዱ በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ነው። ሞተሩ እየዞረ እንደሆነ ምልክት ካላገኘ አይከፍትም። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ከቆመ ይዘጋል።

ቀጥሎ ቫፖራይዘር አለ፤ አንዳንዱ ሪዱሰር ይለዋል። ክብ ብረት ያልኩት ይህ ነው። እዚህ ፈሳሹ ጋዝ ይሆናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። በመጨረሻ ጋዙ በሚክሰር (በመቀላቀያ) ወይም በኢንጀክተር (በመርጫ) በኩል ከአየር ጋር ተገናኝቶ ወደ ሞተሩ ሲሊንደር ይገባል። ከዚያ ወዲያ ታሪኩ ከቤንዚን ሞተር አይለይም፦ ፒስተን ይጨምቃል፣ ካንዴላ ያቃጥላል።

የሞተሩ ሙቅ ውሃ ቫፖራይዘር ውስጥ ምን ይሠራል?

እኔ ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ፈሳሽ ጋዝ ለመሆን ሙቀት ይፈልጋል። እጃችሁ ላይ አልኮል ስታፈሱ ቀዝቀዝ የሚላችሁ አልኮሉ ለመትነን ከቆዳችሁ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ፕሮፔንም እንዲሁ ነው፣ ግን በጣም በባሰ ሁኔታ። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲተን ወደ 400 ኪሎጁል ይወስዳል። ይህ አንድ ሊትር ውሃን ከበረዶ ጫፍ እስከ መፍላት ጫፍ ከሚያሞቀው ሙቀት ጋር ተቀራራቢ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ የሚያቃጥል ሞተር ቫፖራይዘሩ ያለማቋረጥ ከ1 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ማግኘት አለበት።

ይህን ሙቀት ከየት እናምጣ? ሞተሩ ሙቀቱን በራዲያተር ወደ አየር እየጣለው አይደል? ከዚያ ላይ እንቀንስለታለን። ሙቅ ውሃው በቫፖራይዘሩ ሆድ ውስጥ ያልፋል፣ ፕሮፔኑ በሌላው በኩል ይፈላል። ነዳጅና ውሃ አይነካኩም፤ በመሃላቸው ብረት አለ።

ውሃው ካልደረሰ ፈሳሹ ሙቀቱን ከብረቱ ራሱ ይወስዳል። ብረቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከአየር ላይ ያለው እርጥበት ላዩ ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ሞተሩ ያነክሳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ቫፖራይዘር ነጭ በረዶ ለብሶ ካያችሁ በጋዙ ላይ አትፍረዱ። ውሃውን እዩ። ራዲያተሩ ጎድሏል፣ ቱቦው ውስጥ አየር ተይዟል ወይም ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። የፕሮፔን ችግር ተብሎ ወደ ጋራዥ የሚመጣ የዚህ ዓይነት መኪና መድኃኒቱ አንዳንዴ ሁለት ሊትር ውሃ ነው።

በሁለት ነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ጠዋት በቤንዚን ተነስተው በኋላ ወደ ጋዝ የሚቀይሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው እስኪሞቅ ይጠብቃሉ።

ቫፖራይዘሩ ውስጥ ያለው ዲያፍራምስ?

ዲያፍራም ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። የግፊቱ ዳኛ ነው ብንለው ይሻላል።

ሚክሰር ባለው ሥርዓት ሁለት ደረጃ አለ። የመጀመሪያው ደረጃ የታንኩን ግፊት ከ1 ባር በታች ያወርዳል። ሁለተኛው ከአካባቢው አየር ጋር እኩል፣ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። እዚህ ጋ ጋዙ በራሱ አይወጣም። ሞተሩ አየር ሲስብ ዲያፍራሙ ይሳባል፣ ዲያፍራሙ ከመርፌ ቫልቩ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ያንቀሳቅሳል፣ ጋዝ ይፈስሳል። ብዙ ሲስብ ብዙ፣ ጥቂት ሲስብ ጥቂት። ሞተሩ ሲቆም መሳቡ ይቆማል፤ ጋዙም ይቆማል።

ኮምፒውተር የለም፣ ሽቦ የለም። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ያየ ሰው ባርኔጣውን ያነሳል። ድካሙ ላስቲኩ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ሞተሩ በሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል ወይም ጋዝ ያበዛል።

ሚክሰር፣ የጋዝ ኢንጀክሽን፣ የፈሳሽ ኢንጀክሽን፤ የትኛው ይሻላል?

ሚክሰር የሁሉም ታላቅ ነው። ጠባብ ጉሮሮ ያለው ዕቃ አየር መግቢያው ላይ ይቀመጣል። አየሩ በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙን ይስበዋል። ካርቡሬተር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቀላል ነው፣ ይጠገናል፣ ለፎርክሊፍትና ለጀነሬተር ዛሬም በደንብ ያገለግላል። ለዘመናዊ መኪና ግን አልመክረውም። ጉሮሮው አየር ያጠብባል። ከስሮትል (ከአየር መግቢያው በር) እስከ ቫልቭ ያለው ማኒፎልድ፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ደግሞ በሙሉ የሚቀጣጠል ቅልቅል ይሞላል። ይህ የሚያመጣውን መዘዝ ወደ ታች እናየዋለን።

የጋዝ ኢንጀክሽን የዛሬው መደበኛ መንገድ ነው። ቫፖራይዘሩ ጋዙን ከማኒፎልዱ ግፊት 1 ባር ገደማ ከፍ አድርጎ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኢንጀክተር አለ። የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑ የመኪናው ኮምፒውተር ለቤንዚን ኢንጀክተሮች የሚልከውን ትእዛዝ ያነባል፣ ወደ ጋዝ ልክ ይተረጉመዋል፣ ለጋዙ ኢንጀክተር ያስተላልፋል። ቱርክና ፖላንድ ውስጥ በጋዝ ከሚሄዱት እጅግ ብዙ መኪኖች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የተለወጡ ናቸው። ያገለገለ የቤንዚን መኪና ለመለወጥ የሚያስብ ሰው ከጠየቀኝ መልሴ ይህ ነው።

የፈሳሽ ኢንጀክሽን ቫፖራይዘር የለውም። እዚህ ፓምፕ ተመልሶ ይመጣል፤ ታንኩ ውስጥ ይቀመጥና ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ለምን? ፈሳሹ ሞቃቱ ሞተር አጠገብ ሲደርስ ቱቦው ውስጥ እንዳይፈላ ነው። ኢንጀክተሩ ፈሳሹን ሲረጨው እዚያው ይተናል፤ የሚወስደው ሙቀት ደግሞ ከሚገባው አየር ላይ ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይጠጥራል፣ ኃይል አይጠፋም። የደቡብ ኮሪያ የጋዝ ታክሲዎችና በአሜሪካ ያሉ በፕሮፔን የሚሄዱ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ይህን ዓይነት ይጠቀማሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ፓምፑ ሲበላሽ ደግሞ ታንክ ማስከፈት አለ።

ኃይል ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

በሚክሰርና በጋዝ ኢንጀክሽን፣ አዎ፣ ጥቂት። ፕሮፔን ጋዝ ሆኖ ሲገባ ቦታ ይይዛል። በትክክለኛው ቅልቅል ውስጥ ከይዘቱ 4 በመቶ የሚሆነው ፕሮፔን ነው፤ ያ ቦታ የአየር ነበር። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተን እንኳ ከ2 በመቶ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ላዩ ላይ ቤንዚን ሲተን የሚሰጠው ማቀዝቀዝም አለ፤ ጋዙ ግን ቫፖራይዘር ውስጥ ተኖ ስለመጣ ይህን አይሰጥም። በድምሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢጠፋ አይግረማችሁ። በሚክሰር ይበዛል፣ በኢንጀክሽን ያንሳል።

የሚካስበት መንገድ ግን አለ። ማንኳኳትን የመቋቋም መለኪያ የሆነው ኦክቴን ለፕሮፔን በምርምር ልኬት (አርኦኤን) 110 አካባቢ ነው። የተለመደው ቤንዚን ከ91 እስከ 98 ነው። ማንኳኳትን ስለሚቋቋም ከመጀመሪያው ለፕሮፔን ተብሎ ጭመቃው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሞተር የጠፋውን ያስመልሳል። የተለወጠ የቤንዚን ሞተር ይህን ዕድል አያገኝም፤ ጭመቃው ያው የድሮው ነው።

ስንት ሊትር ይበላል?

በሊትር ከቤንዚን የበለጠ። በኪሎ ግን እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ። ነገሩ ይህ ነው፤ ፈሳሽ ፕሮፔን ቀላል ነው። አንድ ሊትር ግማሽ ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ ቤንዚን ወደ ሦስት ሩብ ኪሎ ነው። ስለዚህ የአንድ ሊትር ፕሮፔን ጉልበት የአንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ገደማ ነው። 10 ሊትር ቤንዚን ይበላ የነበረ መኪና ከ12 እስከ 13 ሊትር ተኩል ጋዝ ይጠይቃል።

ሒሳቡን ለመሥራት ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም። የአንድ ሊትር ጋዝ ዋጋ ከቤንዚን ዋጋ ሦስት ሩብ በታች ከሆነ ትጠቀማላችሁ። ካልሆነ ለውጡን እርሱት።

ሞተሩን ይጎዳል?

አብዛኛውን ክፍል አይጎዳም፤ እንዲያውም ያርፍለታል። ብርድ ላይ ሲነሳ ፈሳሽ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። ጋዝ አያጥብም። የሞተር ዘይቱም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ጥቀርሻ አይበዛበትም። ዘይቱ ንጹሕ ስለመሰላችሁ ግን መቀየሪያውን አታራዝሙ። የሚያረጀው በቀለም ብቻ አይደለም።

የሚጎዳው ቦታ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ ያለው የቫልቭ መቀመጫ ነው፤ በተለይ የጭስ ማውጫው። ጋዝ ደረቅ ነው። የቤንዚን ጠብታና ጭማሪዎቹ ይሰጡት የነበረው ልስላሴ የለም። መቀመጫው ለስላሳ ብረት ከሆነ ቫልቩ በየምቱ እየቀረጠፈው ወደ ውስጥ ይሰምጣል። የቫልቩ ክፍተት ይጠፋል፣ ቫልቩ አልዘጋም ይላል፣ ይቃጠላል። ጠንካራ መቀመጫ ያላቸው ሞተሮች ይህን ይችሉታል። የአንዳንድ መኪና ሞተሮች ግን በዚህ ደካማ ናቸው። ከመለወጣችሁ በፊት ያንኑ ሞተር በጋዝ ብዙ የነዱ ሰዎችን ጠይቁ። ከለወጣችሁ በኋላም የቫልቭ ክፍተቱን ቶሎ ቶሎ አስለኩ።

አንዳንዴ ኮፈን ሥር “ቧ!” የሚለው ምንድን ነው?

እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ማኒፎልዱ ውስጥ ሲቀጣጠል ነው። ሚክሰር ባለበት ማኒፎልዱ በቅልቅል የተሞላ ነው ብለናል። የመግቢያ ቫልቩ ክፍት ሳለ ብልጭታ ወይም ገና ያልጠፋ ነበልባል ካገኘው ሁሉም በአንዴ ይነዳል። የፕላስቲክ ማኒፎልድ ሊሰነጠቅ፣ የአየር ፊልትሮው ቤት ሊፈነዳ ይችላል።

ጥፋተኛው ግን በአብዛኛው ጋዙ አይደለም። ካንዴላው ነው፣ ወይም የካንዴላው ሽቦ፣ ወይም በጣም የሳሳ ቅልቅል። የጋዝ ቅልቅልን ለማቀጣጠል ከቤንዚን የጠነከረ ብልጭታ ያስፈልጋል። በቤንዚን ዝም ብሎ ያሳለፈ የደከመ ካንዴላ በጋዝ ይጋለጣል። ብዙ መካኒኮች የካንዴላውን ክፍተት ትንሽ ጠበብ ያደርጉታል። ሽቦውም ሲሰነጠቅ ሳይሆን ቀደም ብሎ ቢቀየር ይሻላል።

ቢያፈስስ በምን አውቃለሁ?

በጠረኑ። ፕሮፔን በተፈጥሮው ሽታ የለውም። የበሰበሰ ነገር የሚመስለው ሽታ ኢቲል መርካፕታን የሚባል ነገር ሆን ተብሎ ሲጨመርበት የሚመጣ ነው። አየር ውስጥ ፕሮፔኑ ከ2 በመቶ በላይ እስከ 9 ተኩል በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። አፍንጫ ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ያውቀዋል።

ቦታውን ለማግኘት የሳሙና አረፋ በብሩሽ ቀቡ። አረፋ ካበጠ እዚያ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አሁንም አለ ቢሏችሁ ባታምኑ ደስ ይለኛል፤ ግን አለ።

ጋዙ ከአየር እንደሚከብድ አትርሱ። መኪና መጠገኛ ጉድጓድ፣ ምድር ቤት፣ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታ ከመጣ የታንኩን ቫልቭ ዝጉ። ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፤ ማጥፋትም ብልጭታ ያወጣል። ዝቅ ያለውን በር ክፈቱና ራቁ።

በአደጋ ጊዜ ታንኩ አይፈነዳም?

ይህ ፍርሃት ይገባኛል። ግን ታንኩ ከቤንዚን ታንክ ጋር አይነጻጸርም። ቤንዚን በስስ ቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የጋዙ ታንክ ግፊት ሊችል የተበየደ ወፍራም ብረት ነው። አር67 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የሚሠሩት ታንኮች በ30 ባር ይፈተናሉ፤ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቫቸው 27 ባር አካባቢ ይከፈታል።

አስጊው እሳት ነው። ታንክ በእሳት ሲከበብ ግፊቱ ያሻቅባል። ማስተንፈሻው ጋዙን እያወጣ ያቃልለዋል፤ የሚወጣው ጋዝ ረጅም ነበልባል ሆኖ ሊነድ ይችላል። ያስፈራል፣ ግን ሥራውን እየሠራ ነው። ማስተንፈሻ የሌለው ወይም የተደፈነ ታንክ ነው ቦምብ የሚሆነው። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ፣ መለያ ሰሌዳው የጠፋ ታንክ በቅናሽ ቢያቀርቡላችሁ ይህን አስቡ።

የፎርክሊፍት ሲሊንደር ለምን ይተኛል? በማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር መተካትስ ይቻላል?

አይቻልም። የማብሰያው ሲሊንደር ቆሞ ከላይ ጋዝ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። የፎርክሊፍቱ ተኝቶ ፈሳሽ ይሰጣል፤ የውስጥ ቱቦው ሲተኛ ወደ ታችኛው ጎን እንዲደርስ ታጥፏል። ማቀፊያው ላይ አንዲት ፒን አለች፤ ሲሊንደሩ ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ። ፒኗ ቀዳዳው ውስጥ ስትገባ ሲሊንደሩ በትክክለኛው ጎኑ ተኝቷል ማለት ነው። ማስተንፈሻ ቫልቩ ወደ ላይ፣ ጋዙ ወዳለበት ይሆናል። ፒኗን ችላ ብሎ ዝም ብሎ ያሰረው ሰው ማስተንፈሻውን ፈሳሽ ውስጥ ከቶታል።

ሲሊንደር ስትቀይሩ ጓንት አድርጉ። መገጣጠሚያው ላይ የሚቀረው ጥቂት ፈሳሽ ቆዳ ሲነካ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ያው የ42ቱ ነገር ነው።

ጀነሬተሬ ብርድ ሲሆን ኃይል ያንሰዋል፤ ለምን?

ትንንሽ ጀነሬተሮች ቫፖራይዘር የላቸውም። ጋዙን ከታንኩ አናት ይወስዳሉ፤ መፍላቱ ታንኩ ውስጥ ነው የሚካሄደው። የመፍያው ሙቀት የሚመጣው በታንኩ ግድግዳ በኩል ከውጭ አየር ነው። አየሩ ከቀዘቀዘና ጀነሬተሩ ብዙ ከጠየቀ ፈሳሹ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ታንኩ ላይ የሚጋገረው በረዶ የፈሳሹን ከፍታ ያሳያችኋል። መፍትሔው ትልቅ ታንክ ነው፣ ወይም ሁለት ታንክ አብሮ ማገናኘት። ብዙ ግድግዳ፣ ብዙ ሙቀት። በእሳት ማሞቅን ማንም እንዳይመክራችሁ።

የናፍጣ ሞተርስ በፕሮፔን ይሠራል?

ብቻውን አይሠራም። ናፍጣ በጭመቃ ሙቀት ብቻ ይቀጣጠላል፤ ፕሮፔን ይህን እምቢ ይላል። ማንኳኳትን እንዲቋቋም ያደረገው ጠባይ እዚህ እንቅፋት ይሆናል። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጥቂት ፕሮፔን ከአየሩ ጋር አስገብቶ ናፍጣውን እንደ ክብሪት መጠቀም ነው። መጠኑ ሲያልፍ ሞተሩ ክፉኛ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ሌላው ጭመቃውን ቀንሶ ካንዴላ መግጠም ነው። ያኔ ናፍጣ ሞተር መሆኑ ቀረ።

ጭሱ ንጹሕ ነው ይባላል። ቤት ውስጥ ማስነሳት ይቻላል?

ንጹሕነቱ እውነት ነው። ለተመሳሳይ ጉዞ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤንዚኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያነሰ ነው፤ ጥቀርሻውም ጥቂት ነው። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቅልቅሉ ከተዛባ ብዙ አለ። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሠራው አየር ስለሚዘዋወርና ሞተሩ ስለሚስተካከል ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የፕሮፔን ጀነሬተር ማስነሳት ሰው ይገድላል።

ምን ምን ላስጠግን?

ፊልትሮውን በጊዜው። ቫፖራይዘሩ ሥር የማፍሰሻ ብሎን ካለው ዝቃጩን አስወጡ፤ ከነዳጁ ጋር የሚመጣ ከባድ፣ ዘይት መሳይ ነገር እዚያ ይጠራቀማል። ሽታው ይከረፋል፣ ልብስ ላይ እንዳይነካችሁ። ዲያፍራሞቹ በጥገና ኪት ይቀየራሉ። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ግፊት እያለበት አታጥብቁ። መስመሩን ባዶ አድርጋችሁ ነው።

ለወራት ባቆመውስ ይበላሻል?

ነዳጁ አይበላሽም። ቤንዚን ቆይቶ ይሸታል፣ ሙጫ ይሆናል፤ ፕሮፔን ታንኩ ውስጥ ዓመት ቢቆይ ያው ነው። ለመጠባበቂያ ጀነሬተር የሚመረጠው አንዱ በዚህ ነው። ስታቆሙት የታንኩን ቫልቭ ዝጉና ሞተሩ መስመሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ተዉት።